ደረት ላይ የኖረ ታሪክ ጨርቅ ላይ ሲሰፋ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡና እየተፈላ የሚነበብ ነው። ርእሴ ባጅ ነው። አዎ፣ ደረት ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ብረት።

ዘንድሮ ከታሪክ ክበብ ልጆች ጋር አንድ ትንሽ የግድግዳ ጨርቅ ሰፍተናል። ቁመቱ 60፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ላዩ ላይ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ቤተሰቦች የተሰበሰቡ 11 ባጅና ሜዳዮች አሉ፦ አንድ የአርበኛ ሜዳይ፣ አንድ የ1948ቱ የብር ኢዮቤልዩ፣ ሦስት የመሠረተ ትምህርት፣ ሁለት የቀይ መስቀል፣ አንድ የኢሠፓ፣ አንድ የሚሊኒየም፣ ሁለት የህዳሴ ግድብ። "ይቺ ናት እንዴ?" የሚል አይጠፋም። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ።

በአገራችን ጀግና የሚሸለመው በአብዛኛው የሚለበስና የሚታጠቅ ነገር ነበር። ለምድ፣ ካባ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ ክንድ ላይ የሚጠለቅ ቢተዋ። ሰውየው ገበያ ሲወጣ የሠራውን ሥራ ሰው ከልብሱ ያነብለት ነበር። በጥብጣብ ተንጠልጥሎ ደረት ላይ የሚውለው ኒሻን በኋላ የመጣ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1874 የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ፤ በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ተከተለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የዘውድ በዓል ሜዳይ ተሠራ። ከድል በኋላ ደግሞ የአርበኞች ሜዳይ መጣ፤ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር አባቶቻችን ካፖርታቸው ላይ ደርድረውት የሚወጡት እሱ ነው።

ወገዳ ላይ ቆሞ ስለ ሜዳይ የሚያወራ ሰው መቅደላን መዝለል አይችልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት በኛው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለዘመቱት ወታደሮቹ የብር ሜዳይ ሠራላቸው። ፊቱ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ፤ ዙሪያዋን 9 ጫፍ ያለው ኮከብ ከብቧታል፤ በጫፎቹ መሃል "አቢሲኒያ" የሚለው ስም በ9 የእንግሊዝ ፊደላት ተበትኗል። ጀርባው ላይ የወታደሩ የራሱ ስም አለ። አያችሁ? የኛ አገር ስም በሌላ ሰው ደረት ላይ፣ ለኛ መሸነፍ ማስታወሻ ሆኖ!

በዚያው ዓመት ለንደን የገባ አንድ ጨርቅም አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ የተሠራ፣ ከሐር የተሸመነ፣ ቁመቱ 5 ሜትር ገደማ የሆነ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው። የንጉሥ ቤተሰብ ናቸው ተብለው የሚገመቱ ሰዎች ምስል አለበት። ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ታሪክን ጨርቅ ላይ አድርጎ መስቀል ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው። የኛ 60 ሴንቲ ሜትር ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ ግን የሥጋ ዘመዱ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ባጅ ትንሽ ትምሰል እንጂ ስትበዛ ትከብዳለች፤ ቀጭን ጨርቅ ላይ ከሰካሃት ትጎትተዋለች፣ ትቀደዋለች። ስለዚህ ሦስት ድርብ አደረግነው። ፊቱ ጥቁር ከፋይ፣ ጀርባው አቡጀዴ፣ መሃሉ ያረጀ ባና። የጉና ብርድ የሸመነልን ባና መርፌውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዙሪያውን በመኪና ቀመቀሙልን፣ አናቱ ላይ ዘንግ የሚገባበት እጥፋት አወጡለት። "ገንዘብ አልቀበልም፣ የአባቴም ሜዳይ አለበት" አሉን። ከባድ ከባዱን ከላይ ወደ ዘንጉ አስጠጋነው፣ ቀላል ቀላሉን ከታች፤ እንዲህ ካልሆነ ጨርቁ ወደ ፊት ይጎብጣል። መርፌያቸው የተሰበረውን በጥቁር ክር ጠልፈን አሠርነው። ከእያንዳንዱ ሥር ልጆቹ ዓመተ ምሕረቱን በቢጫ ክር ጠለፉ።

ከሁሉ ረጅም ወሬ ያላት የመሠረተ ትምህርቷ ባጅ ነች። ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም ነው፣ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ሸልሞበታል። ይኼን መጽሐፍም ይነግራችኋል። መጽሐፍ የማይነግራችሁን አንዲት የስማዳ እናት ነገሩኝ። ባጁን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡኝ "ልጄ፣ ይቺ የስሜ ናት። ከሷ በፊት በጣቴ ነበር የምፈርመው" አሉ። ከዚያ በኋላ ያቺን ባጅ እንዴት እንደያዝኳት አትጠይቁኝ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በኢሠፓ ባጅ ነው። ማጭድና መዶሻ ያለባት ቀይ ባጅ ነች። ያመጧት አባት ከ1983 ጀምሮ በጨርቅ ጠቅልለው ጎተራ ሥር ቀብረዋት ኖረዋል። "አውጥቼ አልጥላት፣ አውጥቼ አላሳያት፤ እናንተ ዘንድ ትረፍ" አሉ። ከክበቡ ልጆች አንዱ ግን "ይቺ ከተሰፋች እኔ መርፌ አልነካም" አለ። አጎቱን በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ከገበያ አፍሰው ወስደውታል፤ አልተመለሰም፤ አያቱ እስከ ዛሬ በር በሩን ያያሉ። "ይህን ባጅ ያደረጉ ሰዎች ናቸው የወሰዱት" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ልጁ ልክ ነው። ኢሠፓ የተመሠረተው በ1976 መጨረሻ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በሰልፍና በመብራት ሊከበር ሲል ነው፤ በዚያው ሰሞን ሰሜኑ በረሃብ ይረግፍ ነበር። ይኼን ሳይናገሩ ያቺን ባጅ መስቀል ውሸት ነው። መጣልስ? መጣልም ውሸት ነው። እኛ አገር እኮ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ያለፈውን ባጅ እንቀብራለን፣ የመጣውን እንሰካለን፣ ልጆቻችን መሃሉን ሳያውቁት ያድጋሉ። ባጅ ደረት ላይ ስትሆን "እኔ የዚህ ወገን ነኝ" ትላለች። ጨርቅ ላይ ከሌሎቹ ጎን ስትሰፋ ግን ማዘዟ ይቀራል፣ ትጠየቃለች።

መፍትሔውን ያመጣው ልጁ ራሱ ነው። "እሺ ትሰፋ፣ ግን ከጎኗ ባዶ ቦታ ይተው" አለ። በነጭ ክር የባጅ መጠን ያላት ክብ ጠለፈ። ውስጧ ምንም የለም። ከሥሯም ዓመተ ምሕረት የለም።

ያቺን ክብ ባየሁ ቁጥር አንቺም ትዝ ይለኛል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ከጋይንት ማዶ፣ ደብረ ዘቢጥ አካባቢ፣ የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ከነተከታዮቻቸው የወደቁበት ጦርነት ነው። አውሮፕላን ቦምብ ጥሎባቸዋል። የዘውዱ በዓል ሜዳይ የተሠራው ከዚያ 7 ወር በኋላ ነው። ሜዳይ ያሸነፈ ነው የሚያሠራው፤ አንቺም ላይ የቀሩት የኛው ሰዎች ባጅ የላቸውም። ባዶዋ ክብ ለእነሱም ትሆናለች ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኼ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳ፣ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ የአባታችሁን ሣጥን፣ የእናታችሁን መቀነት እስቲ ጠይቁ። የወጣውን ለብረት ሰብሳቢ ወይም ለአንቲክ ነጋዴ አትስጡት። በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፣ ቀለሙ ይለቃል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ማድ ቤት አካባቢም አትስቀሉት፣ ጭስና እንፋሎት ያዝገዋል። ከሁሉም በፊት ግን ባለቤቱ በሕይወት ካሉ "ይቺን ማን ሰጠዎት? ያኔ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ብረቱ ከዛገም ይቆያል፣ ወሬው ግን ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው።

ያላችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ጨርቃችን ጠቦናል፣ ሁለተኛውን ልንጀምር ነው። ባናም አለን።

ቸር ሰንብቱ።