የሜሪ ዎልስቶንክራፍት የመጨረሻ አራስነት

በ1792 ስለ ሴቶች መብት የተሟገተችበትን መጽሐፍ ያሳተመችው ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ሁለተኛ ልጇን የምታዋልዳት ሴት እንድትሆን ቆርጣ ነበር። ባሏ ዊልያም ጎድዊን በ1798 ባወጣው የሕይወት ታሪኳ ይህን ምርጫ ለሕክምና የማይበጅ ይሉኝታ አድርጎ ያየዋል። እዚያው የመዘገባቸው ሰዓታት ግን አዋላጇን አይከሷትም። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቱ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው።)

ምጡ የጀመረው ኦገስት 30 ቀን 1797 ንጋት 11 ሰዓት ላይ፣ ለንደን፣ ሶመርስ ታውን በሚገኘው ቤታቸው ነው። አዋላጇ ወይዘሮ ብሌንኪንሶፕ የዌስትሚንስተር የወላዶች ሆስፒታል ባለሙያ ነበረች። ሕፃኗ፣ ኋላ «ፍራንክንስታይን»ን የጻፈችው ሜሪ ሼሊ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ20 ተወለደች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። 8 ሰዓት ሲያልፍ አዋላጇ ከዚህ በላይ አልደፍርም አለች፤ አቅሟን ማወቋ ያስመሰግናታል እንጂ አያስወቅሳትም። ጎድዊን ሮጦ የዚያው ሆስፒታል ሐኪም የሆነውን ዶክተር ፖይናንድን አመጣ።

ሐኪሙ እጁን አስገብቶ የእንግዴ ልጁን እየቆራረጠ አወጣ። ማደንዘዣ ገና አልነበረም። ደሟ ፈሰሰ፤ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ደጋግማ ራሷን ሳተች። ፖይናንድ ሁሉም ወጥቷል ብሎ ነበር፤ አልወጣም።

እሑድ አልጋውን የሚያናውጥ ብርድ ብርድ አላት። ሰኞ ሕፃኗን እንዳታጠባ ተከለከለች፤ ወተቷን እንዲስቡላትም ቡችሎች አመጡ። ረቡዕ ወይን ጠጅ ታዘዘላት። ሴፕቴምበር 10 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ በ38 ዓመቷ አረፈች።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1795፣ በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ አሌክሳንደር ጎርደን የተባለ ሐኪም እሷን የገደላትን የአራስ ትኩሳት ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሱት ሐኪሞችና አዋላጆች ራሳቸው መሆናቸውን በስም ዝርዝር አስደግፎ አሳትሞ ነበር። ራሱንም ከዝርዝሩ አላወጣም። የከተማው ሰው ግን ጠላው፤ ቀድሞ ወዳገለገለበት ባሕር ኃይል ተመልሶ በ1799 ሞተ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይህንኑ ትኩሳት ለመከላከል ቪየና ውስጥ ሐኪሞችን እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ያስታጠበው በ1847 ነው።

ታዲያ ፖይናንድ ገደላት ማለት ይቻላል? ብዙዎች ብለዋል። እኔ አልደፍርም። ቁርጥራጩ ማኅፀን ውስጥ ከቀረ ብቻውንም ይመርዛል፤ እጅ ያልገባባቸው አራሶችም በዚያ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ደሙ እየፈሰሰ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ያን ሌሊት ሊገድላት ይችል ነበር።