የአክስቴ ቡኒ ድልህ እና የይፋት ሱልጣኖች

ባለፈው ለተዝካር ሸዋሮቢት ወርጄ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ላይ በብርድ ተንቀጥቅጣችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራብ አውልቃችሁ፣ ሮቢት ስትደርሱ የምታወልቁት ነገር ያልቅባችኋል።

አክስቴ የማሽላ እንጀራ ዘርግታ ጫፉ ላይ አንድ ማንኪያ ድልህ ጣል አደረገችልኝ። ቀይ አይደለም። የተቆላ ቡና ዱቄት በውሃ የተለወሰ ነው የሚመስለው።

«እትዬ፣ አርሮብሽ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ቅመሰውና ተናገር» አለችኝ እየሳቀች።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ መጣ፤ ቀጥሎ እንደ ዘቢብ ያለ ለስላሳ ጣዕም። «ደህና ነው» ብዬ ሁለተኛውን ስጠቀልል እሳቱ ከጉሮሮዬ ተነሳ። ምን ልበላችሁ፣ ላቤ እስከ አገጬ ወረደ። እጄ ግን አልተመለሰም።

ይሄ በርበሬ ሲበስል ቀይ ሳይሆን ቡኒ ይሆናል፤ አረንጓዴው ቀለም ሳይለቅ ቀዩ ስለሚደርብበት ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘር ሻጮች «የኢትዮጵያ ቡኒ» እያሉ ይሸጡታል። እኛ ገበያ ግን ገዢው ቀይ ነው የሚጠይቀው።

የአክስቴ ልጅ በኩራት «ይሄ እኮ የወላስማ ሱልጣኖች ሲበሉት የነበረ ነው!» አለ። እዚህ ላይ የታሪክ አመሌ ተነሳብኝ። (በዚህ የታሪክ ክፍል ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ወላስማዎች የሸዋን ሱልጣኔት በ1285 ይዘው ይፋትን ገዙ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 ሰብረዲንን ወጋ። በዚያው ዘመን የጻፈው አል ዑመሪ የይፋትን አዝመራ ሲዘረዝር ሙዝና ሸንኮራ አገዳ፣ ጫት ሳይቀር ያነሳል። የኛ በርበሬ ግን ሊኖር አይችልም። ለምን? የበርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ እዚያ የደረሰው በ1492 ነው። የይፋቱ ሳዕደዲን ዘይላ ላይ የተገደለው ደግሞ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሱልጣኖቹ አፋቸውን የሚያቃጥላቸው ነገር ከፈለጉ ያላቸው ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ የመሰለው ብቻ ነበር። በ1520 የመጡት የፖርቹጋል መልእክተኞች እንኳ ለዐፄ ልብነ ድንግል ካቀረቧቸው ነገሮች አንዱ ቁንዶ በርበሬ ነበር። ያኔ ትልቅ ገጸ በረከት ነው!

ጀምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጎንደር ሆኖ ስላየው የጥሬ ሥጋ ግብዣ ሲጽፍ ግን ቁንዶ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ መሳይ በርበሬ ከጨው ጋር እንደሚነሰንሱበት ያወሳል። እንግዲህ በርበሬ በመሀሉ ገብቶ ተላምዷል ማለት ነው። ፖርቹጋሎች ሕንድ አደረሱት፣ ከዚያ በባሕር ንግድ ወደኛ መጣ ነው የብዙዎቹ ግምት። የዘይላ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚወጣው ደግሞ በይፋት በኩል፣ በዓሊዩ አምባ ገበያ ነበር።

የአክስቴ ልጅ አኮረፈ። «ታድያ የኛ አይደለም በለኛ!»

አክስቴ ስትሰማን ቆይታ «እኔ የኅዳር 2014ቱን ልንገራችሁ» አለች። ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሽ የልጅ ልጇን አዝላ፣ የበርበሬውን ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የወጣችው። ስትመለስ ቤቱ ውስጥ እህልም ዕቃም አልቆያትም። ያቺን ቋጠሮ ጓሮ ዘራቻት። ከቀዩ እንዳይዳቀል እስካሁን ለብቻው ታርቃ ነው የምትተክለው። ጎረቤቶቿ ሽንኩርትና ማሾ ያዋጣናል ብለው ትተውታል። አልፈርድባቸውም፣ ልጅ የሚያስተምሩት በዚያ ነው።

የአክስቴን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩት። በርበሬው የሱልጣኖቹ አይደለም፤ የኛ አይደለም ማለቴ ግን ስህተት ነበር። ከሩቅ የመጣ ዘር በየዓመቱ ተመርጦ፣ ደርቆ፣ ተቋጥሮ እዚህ ካልቆየ የማን ሊባል ነው?

ስመለስ በወረቀት ጠቅልላ ሃያ ፍሬ ሰጠችኝ። አሥራ አንዱ በቅሏል፣ በረንዳዬ ላይ ባልዲ ውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ በተለይ የቀወት፣ የኤፍራታና የአንጾኪያ ልጆች፤ እናቶቻችሁ ጓሮ ቡኒ በርበሬ አለ? ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? ጻፉልኝ። ዘሩ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ለጎረቤት አካፍሉ። በአንድ ነጠላ ጫፍ ብቻ አይንጠልጠል።