ባለ 21 አኃዙ ቁጥርና የመርሴን ስሕተት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። እስኪጠራ ድረስ ማን እንደሚደክምለት ግን አልነገሩንም።

አንድ ቁጥር እንውሰድ፤ 147,573,952,589,676,412,927። ይህ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር የሚገኘው 2ን 67 ጊዜ ደርድሮ በማባዛትና ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ ነው። ለመሆኑ ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ አለውን? ከሌለው የሒሳብ ሊቃውንት «ብቸኛ ቁጥር» ይሉታል።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ቁጥር ከብቸኞቹ ተርታ አሰለፈው። መርሴን በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ የነበረ የተከበረ ሰው ነውና ዝርዝሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። ባለ 15 ወይም ባለ 20 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ መርሴን ራሱ ያምን ነበር። ሊመረምረው ያልቻለውን ቁጥር ግን ከዝርዝሩ ከማግባት አልተቈጠበም።

ከ232 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1876፣ ሌላው ፈረንሳዊ ኤድዋር ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ። የሉካ ስሌት ቁጥሩ አካፋይ እንዳለው ያረጋግጣል እንጂ አካፋዩ ስንት እንደሆነ አይናገርም። በትርጉም ሥራ ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ቃል ስሕተት መሆኑን በእርግጥ እያወቅን ትክክለኛውን ፍለጋ ወራት የምንባዝንበት ጊዜ አለ።

የቀረውን ሥራ የፈጸመው በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ ለ134 ሲካፈል 1 መትረፍ እንዳለበት ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በዚህ ወንፊት ብቻ ሲጣራ ግን ከትክክለኛው አካፋይ በፊት ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች ተሰልፈው ይቆማሉ። ኮል ሌሎች ወንፊቶችን ጨመረ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያቀረበው ውጤት ይህ ነበር፤ 193,707,721 × 761,838,257,287።

ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደተረከው፣ ኮል አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ አባዝቶ ተቀመጠ፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት በኋላ ሲጠየቅም «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሎ መለሰ ይባላል። ትረካው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ብዜቱን ግን ማንኛውም አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል።

የመርሴን ዝርዝር ግድፈት በዚህ አላበቃም። 257ም እንደ 67 ያለቦታው ገብቶ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለው ነበር። ዝርዝሩ ተመርምሮ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ኮል በእሑዶቹ የደከመበትን ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ይጨርሰዋል። ያ ስሕተት ግን ለሁለት መቶ ዓመታት ሲያድር አልጠራም ነበር፤ የጠራው የተባለውን መልሶ የሚቈጥር ሰው ሲገኝ ነው።