የምርጫ ገንዘብና ተቆጣጣሪው፦ ከ1948 እስከ 2011 ዓ.ም.

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝብ እንዲመርጥ ቢፈቅድም፣ ዕጩው በሚወዳደርበት ስፍራ ነዋሪና ሕጉ የወሰነው ያህል ንብረት ባለቤት እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ፓርቲ ስላልነበረም የቅስቀሳው ወጪ ከዕጩው ኪስና ከወዳጅ ዘመዱ የሚወጣ ሆነ። መሬት በርስትነት ከዘር ሐረግ ጋር በተሳሰረበት በላስታና ዛሬ መዲናው ፍላቂት በሆነችው በመቄት ይህ መስፈርት የሚያመዝነው፣ ርስቱ በወል ለሆነው አራሽ ሳይሆን ሀብቱን በስሙ ለሚቆጥረው ባለጸጋ ነበር ብለን ብንደመድም ከእውነት አንርቅም።

በ1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ አባላት ሲመረጡ ሕጋዊው ፓርቲ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ብቻ ነበር፤ የፓርቲና የመንግሥት ካዝና ባልተለየበት ሥርዓት የምርጫን ገንዘብ የሚቆጣጠር ሦስተኛ ወገን ሊኖር አይችልም ነበር።

ምርጫ ቦርድ በአዋጅ ቁጥር 64/1985 ቢቋቋምም፣ ገለልተኛነቱ ክፉኛ የተፈተነው በ1997ቱ ምርጫ ነው። ቦርዱ የገዥውን ግንባር የኢሕአዴግን አሸናፊነት ሲያውጅ፣ ተቃዋሚዎች ተጭበረበረ አሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም ሂደቱ ከዓለም አቀፍ መመዘኛ በታች መሆኑን መሰከሩ። ሦስቱን ቃል ስናመዛዝን፣ ከውጤቱ ባልተናነሰ ያከራከረው የዳኛው ማንነት እንደነበር እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 573/2000 ፓርቲዎች ከውጭ አገር ሰዎች ስጦታ እንዳይቀበሉ ከልክሎ፣ የመንግሥትን ድጋፍ ግን በምክር ቤት መቀመጫ ብዛት አከፋፈለ። በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው መድረክ አንድ ብቻ በማግኘቱ፣ አቅምን ለማመጣጠን የታሰበው ድጋፍ አሸናፊውን ይበልጥ አደለበ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1133 ቦርዱን እንደ አዲስ ሲያቋቁም፣ አዋጅ ቁጥር 1162 ቀደም ሲል የተበታተኑትን ሕጎች በአንድ አጠቃሎ የሴት ዕጩዎችንና የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር በድጋፉ ቀመር አስገባ።

ይህ መሻሻል ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የፓርቲዎች ሒሳብ ሲመረመር ኦዲቱ የሚያየው በፓርቲው ሒሳብ ያለፈውን ብር ብቻ ነው። ዋነኛው ቀጣሪ የወረዳ አስተዳደር በሆነባቸው እንደ ፍላቂት ባሉ ከተሞች፣ የመንግሥት መኪና፣ አዳራሽና የሠራተኛ የሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ ቢውሉ በፓርቲ መዝገብ አይሰፍሩም። የፓርቲዎች የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ይህን ይከለክላል፤ ክልከላው ሥራ ላይ የሚውለው ግን የወረዳው የነዳጅና የተሽከርካሪ ስምሪት መዝገብ ከፓርቲው ሒሳብ ጋር ሲመሳከር ነው።