ካዎ፣ ሀላቃና የፓርቲ ዕጩ፦ በጋሞ መሪን ማን ይመርጥ ነበር?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ እንግዳ ዳገቱን ሲጨርስ ዶርዜ ላይ የቀርከሃ ቤቶቹን ያያል፣ ሸማኔውን ያደንቃል፣ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል። ዱቡሻውን ግን አብዛኛው ሳያውቀው ያልፋል። ለማያውቀው ሰው ዱቡሻ ዳር ዳሩን ትልልቅ ዛፎች የቆሙበት፣ መቀመጫ ድንጋይ የተደረደረበት የሣር ሜዳ ነው። የጋሞ አባቶች ግን ሕግ ያወጡት፣ ጠብ ያበረዱት፣ መሪ የሾሙትና የሻሩት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ ለረጅም ዘመን ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ አሁን በጡረታ ሲቀላ ሰፈር ተቀምጫለሁ። የአሜሪካ ምርጫ በደረሰ ቁጥር የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል፤ የፓርቲ ነባር ሰዎች አንዱን ሲፈልጉ፣ ሕዝቡ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሌላ ሰው ሲከተል፣ ትክክለኛው ማን ነው? መልሱን ዋሺንግተን ከመፈለጌ በፊት ዱቡሻ ላይ እፈልገዋለሁ፤ ምክንያቱም ጋሞ ይህን ጥያቄ ለብዙ ትውልድ ሲመልስ ኖሯል።

የምኒልክ ጦር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከመድረሱ በፊት ጋሞ አንድ ንጉሥ አልነበረውም። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ዲታ፣ ቦረዳ እያለ የሚቆጠር፣ አርባ የሚጠጋ ደሬ ነበር። ደሬ ማለት የራሱ ድንበር፣ የራሱ ዱቡሻና የራሱ ዎጋ፣ ማለትም ወግና ሕግ ያለው አገር ነው። በእያንዳንዱ ደሬ ወደ ክብር የሚወስዱ ሁለት በሮች ነበሩ።

አንደኛው በር ትውልድ ነው። ካዎ በአብዛኛው ከአባት ወደ በኩር ልጅ በሚወርድ ሐረግ ይመጣል፤ ለደሬው መሥዋዕት የሚያቀርበው፣ ዝናብና ሰላም የሚለምነው እሱ ነው። በኩርነት፣ በእኛ አነጋገር ባይራነት፣ በቤተሰብም በጎሳም ቀዳሚ ያደርጋል። የነባሮቹ ቤት ይህ ነው። ሆኖም ካዎ ብቻውን አያዝም። ደሬውን የሚመለከት ነገር ሁሉ ዱላታ ላይ፣ ማለትም በዱቡሻው ጉባኤ ቀርቦ ሰው ሁሉ ተናግሮበት ነው የሚወሰነው። እጅ ተቆጥሮ አይሸነፍም፤ አንድ ሐሳብ እስኪገኝ ይነገራል፣ ካልተገኘም ለሌላ ቀን ይቀጠራል።

ሁለተኛው በር ምርጫ ነው። ተመርጦ የሚሾመው የደሬው ሹም ሀላቃ ይባላል፤ ሀላቃ የሚሆነውን ሰው የሚለየው ዱላታው ነው። ባለትዳር፣ በጠባዩ የተመሰከረለት፣ ድግሱን የሚችል ሰው ይፈለጋል። አባቱ ሀላቃ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ነግዶ ወይም ሸማ ሠርቶ ያገኘ፣ ከታናሽ ቤት የተወለደ ሰውም ይሾማል። እንግሊዛዊቷ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዲና ፍሪማን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶኮ ውስጥ ተቀምጣ አጥንታ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ አንድ ትልቅ ነገር አስተውላለች። በባይራ እጅ ያለው የመሥዋዕት ሥርዓት ብዙም ሳይለወጥ ሲኖር፣ የሀላቃ ሹመት ሥርዓት ግን በየጊዜው ተለውጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ከአባት ወደ ልጅ በቤት ውስጥ ይተላለፋል፣ ሁለተኛውን ግን ደሬው ተሰብስቦ ይመክርበታል። ሰው የሚመክርበት ነገር ይሻሻላል።

የአጎቴን የሀላቃነት ድግስ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ጊዜው ከአብዮቱ በፊት ነው። አጎቴ ስሙ ዱላታ ላይ የተነሳው እሱ በሌለበት ነበር። እኔን ምረጡኝ ብሎ ቢዞር ኖሮ ያን ዕለት ይወድቅ ነበር፤ ሹመት የሚለምን ሰው አይታመንም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሥራ በዛበት። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠሩት ወንድሞቹ ገንዘብ ላኩ፤ ሰንጋ ተገዛ፤ የገብስ ጎተራው ተራገፈ፤ ቦርዴው በእንስራ ተደረደረ፤ ሚስቱ ለዓመታት ያጠራቀመችው ቅቤ ወጣ። መስቀል ሲደርስ አናቱ ላይ የተቆለለው ቅቤ በፀሐይ እየቀለጠ በግንባሩ፣ በጆሮ ግንዱ ሲወርድ፣ እሱ ሳይጠርግ፣ በተጠንቀቅ ቀስ ብሎ እየተራመደ ገበያውን ዞረ። ሰዉ መንገድ እየለቀቀ መረቀው። ሶፌ የምንለው ይህንን ነው፤ አዲስ ሙሽራና አዲስ ሀላቃ ለአገሩ የሚታዩበት ዙር። ሚስቱ በዚያ ሰሞን ለእናቴ «ከእንግዲህ ቤታችን የእኛ ብቻ አይደለም» ስትል ሰምቻለሁ፤ እውነቷን ነበር።

ከሹመቱ በኋላ አጎቴ እንደ ድሮው መሆን አልቻለም። ሀላቃ አይጣላም፣ አይሳደብም፣ የዎጋ ክልከላ አይተላለፍም። ቢተላለፍ ጎሜ ይሆናል፤ የሱ ጎሜ ደግሞ በራሱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ በደሬው እህልና ከብት ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይጠይቀዋል። ጊዜው ሲያበቃ ሥልጣኑን ለተተኪው አስረክቦ ከሽማግሌዎቹ ተራ ይቀመጣል፤ በሀብት ደኽይቶ፣ በክብር ከብሮ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አዲስ ሰው ይገባል፤ ገንዘቡን ለሕዝብ አብልቶ፣ ራሱን ለዎጋ አስገዝቶ ይገባል። ነባሩም ይኖራል፤ ነገር ግን ያለ ዱላታ አይወስንም። ሁለቱም የሚጠየቁት በአንድ ሜዳ ነው።

አድንቄ ብቻ ብተወው ግን ታሪክ አጎደልኩ ማለት ነው። ሸክላ የሚሠሩት ማናዎችና ቆዳ የሚያለፉት ደጋላዎች ሀላቃ አይሆኑም ነበር፤ ዱላታ ላይም እንደ ሌላው ተቀምጠው አይናገሩም። የባሪያ ዘር የተባሉትም እንደዚያው። ሴቶች ድግሱን ደግሰው ጉባኤው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። በሁለቱም በር የማይገባ ብዙ ሰው ነበር፤ ቂሙም አብሮ ኖረ። በኋላ ዘመን የመጣው ሁሉ ይህን ቂም ያውቅ ነበር።

ከምኒልክ ጦር መምጣት በኋላ ካዎዎቹ ባላባት ተባሉ። ግብር የሚያሰባስቡ፣ ለገዢው የሚታዘዙ ሆኑ። ቀድሞ ፊቱን ወደ ዱቡሻ ያዞር የነበረ ካዎ ፊቱን ጨንቻ ወዳለው የገዢው ግቢ አዞረ። የጋሞ ነባር ሹም ከሕዝቡ የተለየው ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ በአገሪቱ ሲደረግም ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ገባሩ ድምፅ ቢሰጥም የሚመርጠው ከባለንብረት መካከል ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በታኅሣሥ የእድገት በኅብረት ዘማቾች ተሠማሩ፤ በየካቲት 25 የገጠር መሬት ለሕዝብ እንዲሆን ታወጀ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ዘማቾቹ ከውጭ የመጡ ወጣቶች፣ ባላባቱን የሚያወግዙ፣ በድሃው ስም የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ። ለገባሩ ያ ትልቅ ቀን ነበር፤ ያን ደስታ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የሀላቃ ድግስ ኋላ ቀርና ብክነት ተባለ፣ ዱቡሻው ዝም አለ፣ ሥልጣኑ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገባ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ በድሃው ስም የተመረጠው ሊቀመንበር ለብሔራዊ ውትድርና የልጆች ስም ዝርዝር የሚይዝ ሰው ሆነ። ነባሩን ያባረረው ራሱ ነባር ሆነ፤ እሱን የሚጠይቅ ሜዳ ግን አልቀረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ መጣ። የዕጩው ስም ግን የሚወጣው ከድርጅት ቢሮ ነው። ከላይ የሚወሰን ነገር ምን እንደሚያመጣ ያየነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ይቀራረባል ተብሎ «ወጋጎዳ» የሚባል አንድ የትምህርት ቋንቋ ተሠራ፤ የአራቱ ስም መነሻ ተገጣጥሞ የወጣ ስም ነው። መጽሐፍ ታትሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። አንድ ቃል ከዚህ፣ አንድ ቃል ከዚያ የተለቀመበት ገጽ ሲነበብ ልጆቹ ፊቴን ያዩኝ ነበር፤ በቤታቸው እንዲያ የሚናገር ሰው የለም። በወላይታ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞተ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ ሰሜን ኦሞም ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ የየራሳቸው ዞን ሆኑ። አንድ ዱላታ ተጠርቶ ቢጠየቅ ኖሮ ያ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ባልወጣ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝቡ በካርድ ተናገረ። ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ወሰደ። ገዢው ድርጅት እስከ መጨረሻው ሰዓት ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ያምን ነበር። በየቀበሌው የሚሰበሰበው ሰው የሚያጨበጭበው ስለተስማማ ይመስለው ነበርና።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። አሜሪካኖች ይህን ሲሞክሩት 200 ዓመት ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚለዩት በምክር ቤት ያሉ የፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ የመረጡት ዊልያም ክሮፎርድ አልቀናውም። ብዙ ድምፅ ያገኘው ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ቢሆንም፣ አብላጫ ስላልሞላ ምክር ቤቱ ጆን ኩዊንሲ አዳምስን ሾመ። ጃክሰን በሸፍጥ ተነጠቅሁ ብሎ ከሰሰ፤ ደጋፊዎቹ አራት ዓመት ሲቀሰቅሱለት ቆይተውም በ1828 አሸነፈ። በ1968 ደግሞ ዴሞክራቶች በአንድም የቅድመ ምርጫ ውድድር ያልተሳተፈውን ሂዩበርት ሀምፍሪን ሲያጩ ከቺካጎው ጉባኤ ውጭ ወጣቶች ይደበደቡ ነበር። ከዚያ ደንቡ ተለውጦ ዕጩነት በተራው አባል ድምፅ ሆነ። በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ የመጣው ጆርጅ ማክጋቨርን በ1972 ከ50 ግዛቶች 49ኙን አጣ። ነባሮቹ ደንግጠው በ1980ዎቹ ለራሳቸው ልዩ ድምፅ መልሰው ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከዚያ በፊት በአንድም የመንግሥት ሥልጣን ላይ ያልነበረው ዶናልድ ትራምፕ የሪፐብሊካን ነባሮችን በሙሉ ጥሎ አለፈ፤ በዴሞክራቶችም በኩል በርኒ ሳንደርስ ሂላሪ ክሊንተንን እስከ መጨረሻው ተፎካከረ።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው እንዲህ ነው። ነባሮቹ በሩን ሲዘጉ ሕዝቡ በሩን የሚሰብር ሰው ይፈልጋል። በሩ ያለ ጥያቄ ሲከፈት ደግሞ በቅድሚያ የሚገባው ድምፁ የጎላ ሰው ነው። ጋሞ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ፈተና አስቀመጠ፤ ፈታኙም የፓርቲ አለቃ ሳይሆን የደሬው ሰው ነበር።

የነባር ሰው ክብርም ከየት እንደሚመጣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዓይናችን አይተናል። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ተገድለውና ተፈናቅለው ነበር። አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ሊበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። በዎጋ ያንን ሣር የሚሻገር የለም። ወጣቱ ቆመ፣ ተመለሰ። እነዚያ አባቶች ጠመንጃም የፓርቲ ማኅተምም አልነበራቸውም። የታዘዙት በደሬው ፊት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠየቁ ስለኖሩ ነው፤ የተንበረከከውም ታናሹ ሳይሆን ታላቁ ነበር።

የድሮው ዱቡሻ እንዳለ ይመለስ አልልም። ሴቶቹን፣ ማናውንና ደጋላውን ዳር ያቆመ ሜዳ እንዳለ መመለስ የለበትም። ነገር ግን ፓርቲዎች ሁሉ፣ ገዢውም ተቃዋሚውም፣ በሚቀጥለው ምርጫ የዕጩዎቻቸውን ዝርዝር ከማሸጋቸው በፊት ስሞቹን በየዱቡሻው ያቅርቡ። ዕጩው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ተማሪውም የፈለጉትን ይጠይቁት። ያን ቀን ያለፈ ሰው ምርጫ ቦርድ ጋ ቢመዘገብ ማንም «ከላይ የተላከ» አይለውም። በግል ለሚወዳደረውም ያው ሜዳ ይከፈትለት። እናንተም፣ ድምፃችሁን የምትሰጡ ወገኖቼ፣ ፖስተሩን ከማየታችሁ በፊት ሰውዬው በማን ፊት እንደተጠየቀ ጠይቁ።