ሰው ምንድን ነው? ሃይማኖት፣ ፍልስፍናና ሳይንስ በኢትዮጵያ ያቆሟቸው ምስክሮች

ሰው ከወዴት መጣ፣ ምንድን ነው፣ ፍጻሜውስ ወዴት ነው የሚሉት ጥያቄዎች ሃይማኖትን፣ ፍልስፍናንና ሳይንስን በየፊናቸው ያደከሙ ናቸው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት በሚሰጡት መልስ ነው፤ ነገር ግን በመልሳቸው ብቻ ከተመዘኑ ክርክሩ ዳር አይደርስም። ዋናው ልዩነታቸው በሚያቆሙት ምስክር ላይ ነውና። ሃይማኖት ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ቃል ያቆማል፤ ፍልስፍና ልቡናን ይጠራል፤ ሳይንስ ደግሞ የሚታየውንና የሚለካውን ነገር ያቀርባል። በኢትዮጵያ ሦስቱም ስለ ሰው መስክረዋል፤ ስለዚህ የየአንዳንዳቸውን ኃይልና ወሰን በዚህች አገር ታሪክ መመርመር ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው አፈጣጠር የሚሰጠው ትምህርት ሥነ ፍጥረት ይባላል። መሠረቱ ኦሪት ዘፍጥረት ሲሆን፣ ከመጽሐፈ ኩፋሌና በቆጵሮሱ ኤጲስ ቆጶስ በኤጲፋንዮስ ስም ከሚጠራው ከአክሲማሮስ ብዙ ነገር ወርሷል። በዚህ ትምህርት መሠረት እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረታትን ፈጠረ፤ ሰውም በዕለተ ዓርብ ተፈጠረ። ሥጋው ከአራት ባሕርያት፣ ይኸውም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት ነው፤ ነፍሱም ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት።

አራቱ ባሕርያት ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የተቀዱ አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊ ኤምፔዶክልስ ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ የተገኘ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። በእርሱ ዘንድ ይህ የተፈጥሮ ምርምር ነው። ወደ ሥነ ፍጥረት ከገባ በኋላ ግን አሳቡ ሌላ ሥራ ያዘ። መምህራን የሚያስረዱት እሳትና ውኃ፣ ነፋስና መሬት ጠበኞች ሆነው ሳሉ በአንድ ሥጋ ተስማምተው የሚኖሩት በፈጣሪ ጥበብ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ የሰው ሕይወት የተሰጠው እንጂ የራሱ ገንዘብ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት ላቭዋዚዬ ውኃ ከኦክሲጂንና ከሃይድሮጂን የተሠራ መሆኑን ባስረዳ ጊዜ የኤምፔዶክልስ ምርምር ፈረሰ። ሰው በራሱ የሚኖር አይደለም የሚለው የመምህራን ትምህርት ግን በዚህ አልተነካም፤ ምስክሩ ሌላ ነበርና።

ቃልን መቀበል አለመጠየቅ ማለት እንዳልሆነም አንድምታ ያሳያል። መምህሩ የአንዱን ንባብ ትርጓሜ ከሰጠ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን፣ ደግሞም ሌላውን ይጨምራል፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ የመንገዱ ወሰን ግልጽ ነው፤ ትርጓሜው ይበዛል እንጂ ንባቡ አይሻርም።

ንባቡን ራሱን በልቡና ፊት የሚያቆመው የፍልስፍና መንገድ ነው። ፍልስፍና በግእዝ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አልነበረም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ የተተረጐመው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንና በዝምታ ጸንቶ ለንጉሥ ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሰው የስክንድስ ታሪክ ይታወቃሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የመመርመርን ሥራ በስሙ የሚያውጀው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚናገረው፣ ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን በጠላት ተከሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ተቀመጠ። በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላ በእንፍራዝ እየጻፈና እያስተማረ ኖረ፤ ሐተታውንም በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና ጻፈ።

በዋሻው ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ዘመኑ የወለደው ነው። ፈረንጆችና ግብጻውያን እያንዳንዳቸው እውነት በእኛ ዘንድ ናት ካሉ፣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ዳኛ ከወዴት ይገኛል? የሐተታው መልስ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ዳኛ ነው የሚል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ከወላጅ ወደ ወላጅ እየወጣ ያልተፈጠረ ፈጣሪ መኖሩን ያስረዳል፤ ከፍጥረት ሥርዐት ጋራ የማይስማማውን ሕግ የሰው ሥራ ነው ይላል፤ ምንኵስናንና ጾምንም በዚህ ሚዛን ይነቅፋል። ባልና ሚስትም በትዳር እኩል እንደ ሆኑ ያስተምራል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን መዝሙረ ዳዊትን ከእጁ አልጣለም፤ ጸሎቱንም አልተወም። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ልቡና እምነትን ሊመረምር ተነሣ እንጂ ሊያጠፋ አልተነሣም።

የሐተታው ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ ብዙ አከራክሯል። መጽሐፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑሲን ሚሲዮናዊ ነበር። በ1904 ኤኖ ሊትማን ከላቲን ትርጉም ጋራ አሳተመው፤ በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ። ክሎድ ሳምነር በ1970ዎቹ ማሳተም በጀመረው ሰፊ ሥራው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ጌታቸው ኃይሌም በኋለኛው ዘመን ይህንኑ ደገፈ፤ አናይስ ቪዮን ደግሞ በ2013 ጥርጣሬውን አደሰችው። በዚህ ክርክር ሁለት ጥያቄዎች እየተቀላቀሉ ብዙ ጉዳት ደርሷል። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ምስክሮቹም ብራናው፣ ቋንቋውና የሚሲዮናዊው ደብዳቤዎች ናቸው። ክርክሩ የጸና ነውን የሚለው ግን የፍልስፍና ጥያቄ ነው፤ ለዚህ ልቡና ብቻ ይመሰክራል። ስለ አገር ክብር ሲል ማስረጃውን የሚሸፍን፣ ጸሐፊውንም በመጠራጠር ክርክሩን የሚንቅ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሦስተኛው ምስክር ከመሬት በታች ተገኘ። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን በኦሞ ሸለቆ በክቢሽ የዘመናዊ ሰው አጥንት አገኘ። በ1974 በአፋር በሐዳር ዶናልድ ጆሃንሰን ድንቅነሽ የተባለችውን ቅሪት አገኘ፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በ1994 ደግሞ ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በአፋር በአራሚስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የአርዲ አጥንት የመጀመሪያ ስባሪ አገኘ።

እንዲህ ያለው ዘመን የሚታወቀው አጥንቱን በመለካት ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ የተነጠፈውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመመርመር ነው። ዐለት ሲቀልጥ በውስጡ ያለው አርጎን የተባለው አየር ይወጣለታል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ከፖታሲየም ከፊሉ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን እየተለወጠ ይጠራቀማል፤ የሁለቱም መጠን ሲመዛዘን ዐለቱ ከቀዘቀዘ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ይታወቃል። የዚህ መንገድ ኃይሉ ራሱን ማረሙ ነው፤ በ2005 ለክቢሽ ሰው የተነገረው 195,000 ዓመት በ2022 በተደረገ ምርምር ከ200,000 በላይ ሆኗል።

ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር፣ አንጎሏም ትንሽ እንደ ነበር ከቅሪቷ ታውቋል፤ እንግዲህ ቀጥ ብሎ መሄድ ከአንጎል ማደግ ቀድሟል ማለት ነው። ሰው ለሰው ምን ይገባዋል ቢባል ግን አጥንት አይመልስም። በ1839 ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን እየሰፈረ ዘሮችን በማዕረግ ደረደረ፤ ይህ መሰሉ ሥራ ለባርነት ጠበቆች መሣሪያ ሆነ። ስፍሩ የሰውን ክብር ሊመዝን አይችልም ነበር።

ሃይማኖትም በበኩሉ ወሰኑን ማወቅ ይገባዋል። ከአዳም እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው 5,500 ዘመን በገድለ አዳም ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ነገሩ የተስፋና የመጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እንደ እውነተኛ ዓመታትም ቆጥረውታል፤ እንደ ምድር ዕድሜ ከተያዘ የአፋር አመድ ይቃወመዋል፤ ስለ ዘመንም የሚሰማው ምስክር አመዱ ነው።

እንግዲህ የሰውን ነገር የሚያጠና ሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ ይለይ። ስንት ዘመን ነው ቢባል ዐለቱን ይጠይቅ፤ ክርክሩ ይጸናልን ቢባል በልቡናው ይመርምር፤ ሰው ስለ ምን ይኖራል፣ በምንስ ተስፋ ይሞታል ቢባል አባቶች ያቈዩትን ቃል ሳይሰማ አይፍረድ። ምስክርን ካላየው ነገር ላይ ማስመስከር በፍርድ ሸንጎ ነውር ነው፤ በዕውቀት ሸንጎም እንደዚያው ነው።