የቤተ እስራኤል መነኮሳት ስፍራዎች፦ ለመጎብኘት ለሚያስቡ ቤተሰቦች

ልጆቻችን ከጻቫ ሲፈቱ ወደ ኔፓልና ወደ ሕንድ መጓዝ ልማድ ሆኗል። ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚህ ሐይፋ አንድ ቤተሰብ ልንጠይቅ ሄደን ሳለ የቤቱ ልጅ በሕንድ ላዳክ ተራሮች ያነሳችውን ፎቶ ለአያቷ ታሳይ ነበር። ቲክሲ የሚባለው የቡድሃ እምነት ገዳም ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን በኮረብታ ላይ የተሠራ። አያትየው ረጋ ብለው አዩና «እነዚህንም ሰው አይነካቸውም?» ሲሉ ጠየቁ። «ለምን አባባ?» አለች። «የእኛዎቹን ሰው አይነካቸውም ነበር» አሉ። ልጅቷ ቤተ እስራኤል መነኮሳት እንደነበሩት የሰማችው ያን ዕለት ነው።

የአባቶች ትውፊት ምንኩስናን ለሕዝባችን ያቆሙት አባ ሳብራ ናቸው ይላል። የኖሩት በዚያው በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ነው። ደቀ መዝሙራቸው ጸጋ አምላክ ደግሞ የንጉሡ ልጅ ነበር ይባላል። ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጃንፈንቀራ የሚገኘው ሆኋርዋ ዋናው ስፍራቸው ሆነ። በስሜን ተራሮችም መናታ ነበር። መነኮሳቱ ከሕዝቡ ተለይተው በአጥር ውስጥ ይኖሩ፣ ምግባቸውን ራሳቸው ያበስሉ ነበር። ቄሶችን የሚያስተምሩትና የሚሾሙትም እነሱ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ በስግድ ቀን የምንሰማው ጸሎት በእነሱ እጅ ያለፈ ነው።

ምንኩስናውን ያዳከመው በ19ኛው መቶ ዘመን የሚሲዮናውያን ስብከትና ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የደረሰው ክፉ ቀን ነው። ቀጥሎም በ1904 የመጡት ዶክተር ፋይትሎቪች ልማዱን አልወደዱትም። ወደዚህ አገር ስንመጣም «ይሁዲ መነኩሴ አለው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ስለገጠማቸው ብዙ ሽማግሌዎች ዝም ማለትን መረጡ። በሥራችን እንዳየነው ዝምታው ከእፍረት እንጂ ከመርሳት አይደለም።

ስፍራዎቹን ለማየት የሚነሳ ሰው እንደ ላዳክ የቆመ ሕንፃ አይጠብቅ። ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ከጣና በስተሰሜን ባደረጉት አሰሳ ያገኙት በአብዛኛው የአጥር ድንጋይ፣ የቤት መሠረትና መቃብር ነው። አካባቢውን የሚያርሱት የዛሬ ነዋሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ፈቃድ ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው። ድንጋይም ሆነ አጥንት አይነሳም። መሪ መሆን ያለበት የዚያው ቀበሌ ሰው ነው፤ ቦታውን በቀድሞ ስሙ የሚያውቀው እሱ ነውና። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ይሻላል።

ይሁንና በአማራ ክልል ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነት ስለተነሳ የመንግሥትን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሳያዩ ትኬት አትቁረጡ። እስከዚያው ሥራው እዚሁ ነው። አያቶችን መንደራቸውን፣ ቅርባቸው የነበረውን የመነኮሳት ስፍራ፣ የሚያውቋቸውን አባ ስም ጠይቁ፤ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ያቺ ልጅ የቦታውን ስም በዕብራይስጥ ጽፋ አሳየቻቸው። አያትየው ፊደሉን አያነቡትምና ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ ሦስት ጊዜ አረሟት።